ነፍሰ ጡር ሴት በአይሮፕላን ስትጓዝ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት በታሪካችን ስሙ የታወቀ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ሚሲዮናውያንና የእጅ ሥራ አዋቂዎች ሰብስበው መድፍ ያሠሩት በዚህ ስፍራ ነበር። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ፥ ሠራዊቱ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየጠረገና ገደል እየናደ ብዙ ወራት ፈጅቶበታል። በዚያ ዘመን መንገደኛ ሁሉ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ጧት ከደብረ ታቦር የተነሣ ሰው ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ደርሶ፥ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ፥ ማታውን ወደ አሜሪካ ሊበር ይችላል። በዚህ ሁሉ መንገድ እግሩ የተራመደው ግን ቢበዛ ከቤቱ እስከ ገበያ ከሚሄደው አይበልጥም።

የዛሬው ጽሑፋችን እንዲህ ባለው ጉዞ ላይ መንገደኛዋ ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ስለሚያሠጋት አንድ ነገር ነው። ይኸውም በእግር ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ነው።

በአገራችን ልማድ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። ቀኗ ሲቃረብ ከባሏ ቤት ተነሥታ፥ ዘመድ አጅቧት፥ አንዳንድ ጊዜ በበቅሎ፥ አንዳንድ ጊዜም በእግሯ እያዘገመች ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ የተለወጠው የመንገዱ ርቀትና የመጓጓዣው ዓይነት ነው። ልጅቷ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ እናቷ በፋርጣ ወይም በጋይንት ትኖራለች። ሌላይቱ ደግሞ ባሏ ለትምህርት ውጭ አገር ስለ ሄደ በስድስተኛው ወሯ ወደ እርሱ ትበራለች። እንዲሁም አንዳንዷ ሕመም ቢያገኛት ሐኪም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስለሚልካት በአይሮፕላን ለመሄድ ትገደዳለች። ስለዚህ «ነፍሰ ጡር አትጓዝ» ብሎ በደፈናው መከልከል ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው አደጋው ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል ማወቅ ነው።

ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፥ በዚህ ረገድ የሚያሠጋው የአይሮፕላኑ ከፍታ ሳይሆን ለብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ ነው።

ከፍታው ያሠጋልን?

ነፍሰ ጡር በአይሮፕላን እንዳትሳፈር የሚመክሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ምክንያት «ሰማይ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ጽንሱ ይታፈናል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ የመንገደኛ አይሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ስለሚበር በውጭ ያለው አየር ለሰው አይበቃም። ነገር ግን መንገደኛው የሚተነፍሰው ታምቆ የገባውን አየር ነው። በደንቡ መሠረት በመንገደኛው ክፍል ያለው አየር በ8,000 ጫማ፥ ማለትም በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ይበልጥ እንዲሳሳ አይፈቀድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ ይህን ወደ 6,000 ጫማ፥ ማለትም ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ አድርጎታል።

እንግዲህ የደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 2,700 ሜትር ያህል መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። በአየሩ መጠን ብንመዝነው፥ አይሮፕላን ውስጥ የገባች የጋፋት ሴት ወደ ላይ አልወጣችም፤ ከቤቷ ወደ ቆላ ወርዳለች ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ የአገራችን ደገኞች ለዓለም ሳይንስ ያበረከቱት ማስረጃም አለ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራዎች የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ስለሚሳሳባቸው ደማቸው ቀይ ሕዋስ አብዝቶ ይወፍራል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራራዎች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩትን የአማራ ገበሬዎች መርምረው ውጤቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ሲያወጡ ግን፥ የነዚህ ሰዎች ደም በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ደም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ደጋው ደማቸውን አላወፈረውም።

ከዚህም በቀር በእንግሊዝ አገር 73 ጤነኛ ሰዎች አየሩ እንደ አይሮፕላን አየር በሳሳ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዓት ተቀምጠው በደማቸው ላይ የመርጋት ለውጥ ይታይ እንደ ሆነ ተመርምሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት ይህን የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም። በዚያው ዓመት የወጣ የሆላንድ ምርመራ ግን አስቀድሞ ለመርጋት ዝንባሌ ባላቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ለውጥ ማየቱን ገልጿል። ስለዚህ ጠንካራ የደም ማነስ፥ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ፥ ወይም ከዚህ በፊት የደም መርጋት የደረሰባት ነፍሰ ጡር ሳትሳፈር ሐኪም ማማከር ይገባታል። ጤነኛይቱ ግን ስለ ከፍታው ልትጨነቅ አይገባም።

ደም ስለ ምን ይረጋል?

ወተት በዕቃ ተቀምጦ ሲያድር ይረጋል። የደም ነገር በመልኩ እንደዚሁ ቢመስልም ምክንያቱ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። ሩዶልፍ ቪርሆ የተባሉት የጀርመን ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሳንባ ውስጥ የተገኘው የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ የሄደ መሆኑን አስረዱ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት እንደሚለው ደም ያለ ቦታው እንዲረጋ የሚያደርጉት ነገሮች ሦስት ናቸው። እነርሱም የደም አካሄድ መዘግየት፥ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መዘጋጀት ናቸው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሦስቱም ይገናኛሉ።

አስቀድመን የመጨረሻውን እንመልከት። ሴት ስትወልድ ደም እንደምትፈስ ተፈጥሮ ያውቃል። ስለዚህም ከመውለዷ ብዙ ወራት አስቀድሞ ደሟ በቶሎ እንዲረጋ ይዘጋጃል። ደምን የሚያረጋው ፋይብሪኖጅን የተባለው ንጥረ ነገር እየጨመረ ይሄዳል፤ መርጋትን ከሚከለክሉትም አንዳንዶቹ ይቀንሳሉ። ይህ ታላቅ ጥበቃ ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የደም መፍሰስ ዛሬም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው ስለ ሆነ፥ ይህ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ የሚሞቱት እናቶች ቁጥር ምን ያህል በበዛ ነበር። ነገር ግን ለወሊድ ቀን የተዘጋጀው መከላከያ ያለ ቀኑና ያለ ቦታው ሥራ የጀመረ እንደ ሆነ ጥበቃው ጥፋት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የደሙ መዘግየት ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ለመላክ ኃይል አለው፤ ከእግር ወደ ላይ የሚመልሰው ግን በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር ባቱ ተኮማትሮ ደም መላሹን ሥር ይጨምቀዋል፤ በሥሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎችም ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ስለዚህ የሕክምና ሰዎች ባትን «ሁለተኛው ልብ» ይሉታል። ይህ ሁለተኛ ልብ ታዲያ የሚመታው ባለቤቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ማኅፀን እያደገ ሲሄድ ከእግር የሚመጡትን ትልልቅ ሥሮች ይጫናቸዋል። ስድስት ወር ከሞላ በኋላ በእግር ሥር ውስጥ ያለው የደም ፍጥነት እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። የግራው ሥር በደም ቅዳ ሥር ታልፎ ስለሚጫን፥ በነፍሰ ጡሮች ላይ ከሚደርሰው የእግር ደም መርጋት ከአሥሩ ስምንቱ ያህል በግራ እግር ላይ የሚታይ ነው።

የደም ሥር መጎዳት በተለይ በወሊድ ጊዜ፥ ይልቁንም በቀዶ ሕክምና በሚወለድበት ጊዜ ይደርሳል።

በእግር የረጋው ደም በዚያው ቢቀር ሕመሙ እግርን ከማሳበጥ አያልፍም ነበር። አደጋው ከተጣበቀበት ተላቆ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ሲወተፍ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቁራጩ ትልቅ ከሆነም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ሆኖም ቁጥሩን በመጠኑ ማየት ይገባል። በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ይህ ሕመም የሚያገኛቸው ሴቶች ከ1,000 ውስጥ አንዲት ወይም ሁለት ያህል ናቸው። ካልፀነሰች እኩያዋ ጋር ስትመዛዘን ግን የነፍሰ ጡሯ ዕድል ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፍርሃት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

የመቀመጥ አደጋ እንዴት ታወቀ?

መቀመጥ ሰውን ይገድላል ቢባል ማንም አያምንም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ እ.ኤ.አ. በ1940፥ የጀርመን አይሮፕላኖች ሎንዶንን በሚደበድቡበት ጊዜ ሕዝቡ ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባሉት ሐኪም በዚያ ወራት ከመጠለያ ሲወጡ ድንገት የሚሞቱ ሰዎች መብዛታቸውን አይተው ሬሳቸውን ቢመረምሩ፥ ቦምብ ሳይነካቸው የሞቱት በሳንባቸው በተወተፈ የረጋ ደም ሆኖ ተገኘ። የወንበሩ ጠርዝ ጭናቸውን ተጭኖ ደሙን አግዶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ጆን ሆማንስ የተባሉት የቦስተን ቀዶ ሐኪም፥ ብዙ ሰዓት በመቀመጥ ደም ስለ ረጋባቸው ሰዎች ሲጽፉ በአይሮፕላንና በአውቶሞቢል ረጅም መንገድ የተጓዙ ሰዎችን በምሳሌነት አነሡ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በብዙ አገር ተመረመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዘገባ፥ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው የደም መርጋት ዕድሉ በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር፥ ይህም ከ6,000 ጤነኛ መንገደኞች አንዱን ያህል እንደሚያገኝ፥ ሥጋቱም ከጉዞው በኋላ አራት ሳምንት ያህል እንደሚቆይ ገለጸ።

ከዚህ ዘገባ ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። አደጋው በአይሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፥ በአውቶሞቢልና በባቡር ለሚጓዙትም መሆኑን ዘገባው ተናግሯል።

እንግዲህ ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ የምትሄደውን ነፍሰ ጡር እንመልከት። ከባሕር ዳር በአይሮፕላን ብትሄድ በአየር ላይ የምትቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ይህ ከአራት ሰዓት እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ለጤነኛ ሴት የተለየ ጥንቃቄ አያሻውም። አይሮፕላኑን ፈርታ በአውቶቡስ ብትሄድ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሳፍራ፥ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጣ፥ የዓባይን በረሃ ወርዳና ወጥታ እስክትደርስ ድረስ ቀኑን ሙሉ በጠባብ ወንበር ላይ እግሯን አጥፋ ትውላለች። በዚያም ላይ ብዙ ሴቶቻችን በመንገድ መጸዳጃ ስለማይገኝ ከዋዜማው ጀምረው ውሃ አይጠጡም። በደም መርጋት በኩል ብቻ ብንመዝነው ትንሹን ሥጋት ሸሽታ ወደ ትልቁ ገባች ማለት ነው።

የሩቅ አገር በረራ ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል። አየር መንገዳችን በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ አይሮፕላኑ መንገዱን ከፍሎ በአሥመራ ዐርፎ ነበር። የዛሬው አይሮፕላን ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ በሚደረገው ጉዞ ከ13 ሰዓት በላይ ያስቀምጣል። በምሳሌ ለመናገር፥ አንዲት በደብረ ታቦር የምታስተምር ወጣት መምህርት በስድስተኛ ወሯ ወደ ዋሽንግተን ትሄዳለች እንበል። እስከ ባሕር ዳር በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል፥ እስከ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፥ በየጣቢያው በመጠበቅ ሌላ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት፥ ከዚያም ረጅሙ የሌሊት በረራ አለ። ስትደምረው አንድ ሙሉ ቀን በመቀመጥ ያልፋል። ስለዚህ መንገደኛዋ የምትቆጥረው የአይሮፕላኑን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከቤቷ ደጃፍ እስከምትደርስበት ድረስ የተቀመጠችበትን ሰዓት ሁሉ ነው።

ከጉዞ በፊት

በመጀመሪያ የምርመራ ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳ ጉዞዋን ትናገር። ብዙ አየር መንገዶች አንድ ልጅ ያረገዘችውን እስከ 36 ሳምንት፥ መንታ ያረገዘችውን እስከ 32 ሳምንት ያሳፍራሉ፤ ከ28 ሳምንት በኋላም የሐኪም ደብዳቤ የሚጠይቁ አሉ። ደንቡ ስለሚለያይ ቲኬት ሳይቆረጥ መጠየቅ ነው።

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣራው ለደም መርጋት ተጨማሪ ምክንያት ያላት መሆኗን ነው። ከዚህ በፊት ደም የረጋባት ወይም በቅርብ ቤተ ዘመዷ ይህ የደረሰ፥ መንታ ያረገዘች፥ ዕድሜዋ ከ35 በላይ የሆነ፥ እጅግ የወፈረች፥ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የወለደች፥ የእግሯ ሥር የተጋተረ፥ በትውከት ሰውነቷ ውሃ ያጣ፥ ወይም በሕመም ተኝታ የሰነበተች እንደ ሆነ ይህን ሳትደብቅ ትንገረው። አንዱ ምክንያት ብቻውን ጉዞ አይከለክልም፤ ሲደራረቡ ግን ሐኪሙ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል መርፌ ሊያዝ ይችላል።

ይህ መርፌ ሄፓሪን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916 ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ በባልቲሞር ከተማ ስለ ደም መርጋት ሲመረምር ያልጠበቀውን፥ መርጋትን የሚከለክል ነገር ከጉበት አገኘ፤ ስሙም ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል ወጣ። ሄፓሪን በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ስለማይደርስ ለነፍሰ ጡር የተመረጠ ሆኗል። ዋርፋሪን የተባለው ክኒን ግን ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ሊጎዳውም ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት የሰጠውን «ደም የሚያቀጥን» ክኒን መዋጥ ትልቅ ስሕተት ነው። አስፕሪንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ ለጉዞ ተብሎ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።

አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚወስድ ጉዞ ለነፍሰ ጡር የሚመከረው ባትን አጥብቆ የሚይዘው የሕክምና ካልሲ ነው። ይህ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ይበልጥ ጠብቆ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ በመሆኑ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በብዙ የአይሮፕላን መንገደኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ካልሲውን ያጠለቁት ሰዎች ካላጠለቁት ይልቅ የእግር ደም መርጋት እጅግ ያነሰባቸው ሆኖ ተገኝቷል። ከመግዛት በፊት እግርን ማስለካት ያስፈልጋል። የሚጠለቀው ጧት እግር ሳያብጥ ነው፤ አፉንም መጠቅለል አይገባም፤ የተጠቀለለ ካልሲ እንደ ገመድ አስሮ ደሙን ያግደዋልና።

በጉዞ ላይ

ወንበር ሲመረጥ በመተላለፊያው በኩል ያለው ይሻላል፤ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱን ላለማስቸገር ሲል ሳይነሣ ይቀራልና። መቀነትና ጠባብ ልብስ ይላላ፤ የወንበሩ ቀበቶ ግን ሳይላላ ከሆድ በታች በዳሌ ላይ ይታሰር። እግር የሚዘረጋበትን ቦታ በዕቃ አለመሙላት ነው።

ቁመታቸው ከ160 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ሰዎች በአይሮፕላን ሲጓዙ ሥጋቱ እንደሚብስባቸው ጥናት አሳይቷል። በአገራችንም እንዲህ ያሉ ሴቶች ብዙዎች ናቸው። እግራቸው ወለሉን በደንብ ስለማይረግጥ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበታቸው ኋላ ያለውን ሥር ይጫነዋል። ስለዚህ ከእግር በታች ዝቅ ያለ መርገጫ ማድረግ ይጠቅማል።

በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝን ተክሎ ጣትን ማንሣት፥ ቀጥሎም ጣትን ተክሎ ተረከዝን ማንሣት፥ ቁርጭምጭሚትንም ማዞር፥ ይህን ሁሉ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ማድረግ ይገባል። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ፥ የበረራው ሠራተኛ ቀበቶ እሰሩ ካላለ በቀር፥ ተነሥቶ በመተላለፊያው መመላለስ ነው። ሰው ያየኛል ብሎ ማፈር አያስፈልግም። የእንቅልፍ ክኒን መዋጥ ግን ባትን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ማስፈታት ስለ ሆነ አይመከርም።

በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ነው። ስለዚህ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይገባል፤ ቡናና ሻይ የውሃን ቦታ አይተኩም። ጉዞዋ በጾም ቀን የዋለባት ምእመንም ምግብና ውሃ ሳትቀምስ እንዳትበር አስቀድማ የንስሐ አባቷን ታማክር። በአውቶቡስ ለምትሄደውም ምክሩ ይኸው ነው፤ መኪናው ለቁርስና ለምሳ በቆመ ቁጥር መቀመጫ ከመፈለግ ይልቅ መንጎራደድ ይሻላታል። ውሃ ከመከልከል ይልቅም ሾፌሩን «ወንድሜ፥ ቁምልኝ» ማለት ይቀላል።

ምልክቶቹ

በእርግዝና ጊዜ ሁለቱም እግር በመጠኑ ማበጡ የተለመደ ነው። የሚያጠራጥረው አንዱ ብቻ፥ ይልቁንም ግራው፥ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሲያብጥ፥ ባቱ ሲታመም፥ ሲሞቅና ሲቀላ ነው። በደጋው አገራችን የእግር እብጠት ሲታይ ብዙ ሰው «ዝሆኔ ነው» ይላል። ዝሆኔ ግን በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ በዓመታት የሚመጣ ነው እንጂ በአንድ ሳምንት የሚከሠት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። እግር ሲታመም ወጌሻ ጠርቶ ቅቤ እያስነኩ ማሳሸት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ደም የረጋበትን ባት ማሸት ግን የረጋውን ደም አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ደሙ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፥ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፥ ደም ያለው ሳል ወይም ራስን መሳት ይታያል። «መጋኛ ነው»፥ «ምች መታት» እየተባለ ቅጠል ሲፈለግ የሚያልፈው ሰዓት ሕይወት የሚያድነው ሰዓት ነው። ከጉዞ በተመለሱ በአራት ሳምንት ውስጥ ከነዚህ ምልክቶች አንዱን ያየች ሴት ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ መንገድ መሄዷንም ለሐኪሙ ትናገር። እግርን በአልትራሳውንድ መመርመር ጽንሱን አይጎዳም፤ በጊዜው የተጀመረ የሄፓሪን ሕክምናም እናትንም ልጅንም ያተርፋል።

አራስነት

ብዙ ሰው ልጁ ከተወለደ በኋላ ሥጋቱ ያለፈ ይመስለዋል። ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። በቀን በቀን ብናሰላው ደም የመርጋት ዕድል ከሁሉ የሚበልጠው ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ልማዳችን አራስን የሚያስተኛበት ጊዜም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። አራስን ከከባድ ሥራ ማሳረፍ፥ ገንፎና አጥሚት እያቀረቡ መንከባከብ መልካም ልማድ ስለ ሆነ ሊጠበቅ ይገባል። ነገር ግን ማረፍ ማለት ከአልጋ አለመነሣት ማለት አይደለም። አራስ ከወለደች ጥቂት ሰዓታት በኋላ አቅሟ እንደ ፈቀደ በቤት ውስጥ ብትራመድ፥ ውሃም ብትጠጣ ለራሷ መድኃኒት ነው። በነዚህ ሳምንታት ረጅም ጉዞ ማድረግ የግድ የሆነባት፥ በተለይም በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት፥ ከመነሣቷ በፊት ሐኪም ታማክር።

ለወጣት ባለሥልጣኖች

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሴቶችን ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር የሥራ ባልደረባውን ለመስክ ሥራ በመኪና የሚልክ የክፍል ሹም፥ ቀኑን ሙሉ የሚውል ስብሰባ የሚመራ ሰብሳቢ፥ ሚስቱን በአይሮፕላን ጣቢያ የሚሸኝ ባል፥ ሁሉም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሹሙ መኪናው በየሁለት ሰዓቱ እንዲቆም ቢያዝ፥ ሰብሳቢው ዕረፍት ቢሰጥ፥ ባልየው ሻንጣ ከመሸከሙ አስቀድሞ ካልሲውንና የወንበሩን ቦታ ቢያስብ፥ ከመሥሪያ ቤቱም ሆነ ከቤቱ የሚጎድል ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ለነፍሰ ጡር መንገደኛ ቅጠሉ ጥቂት ውሃ፥ አንድ ጥንድ ካልሲና በየሰዓቱ መነሣት ነው።